ሰዓት አክባሪው ጅብ

ልጅ ሳለሁ፣ ከሆሳዕና ወጣ ብሎ ሌሞ ውስጥ በነበረው በአያቴ በላምቤቦ ቤት፣ ተረት የሚነገረው ተቀባይ ሲኖር ብቻ ነበር። ተቀባይ ማለት አያቴ ትንሽ ተናግሮ ዝም ባለ ቁጥር «ከዚያስ?» የሚል ልጅ ነው። ተቀባዩ ካንቀላፋ ወይም ሐሳቡ ሌላ ቦታ ከሄደ ተረቱ እዚያው ይቆማል፤ ቢለምኑት፣ ቢያለቅሱበት አይቀጥልም። «የማይሰማኝ ሰው ፊት አፌን አላደክምም» ይል ነበር። ከልጅ ልጆቹ ሁሉ መርጦ ተቀባይ ያደረገው እኔን ነው። ቤታችን የሚወራው በሀዲይኛ ስለነበር እዚህ በአማርኛ የምጽፈው ከጣዕሙ ጥቂት ቢያጣም፣ በጆሮዬ ያልሰማሁትን አልጨመርኩበትም።

ያኔ መብራት አልነበረንም። ከምሰሶው ሥር ፍሙ እየደበዘዘ፣ ግድግዳው ላይ ኩራዙ ጥላሸቱን እየተፋ፣ ከመደቡ ወዲያ ላሞቹ በጨለማ እያመሰኩ፣ የአያቴ የትምባሆ ጋያ በውሃው ውስጥ እየተንጎራጎረ፣ እኛ ዓይናችን በጭስ እያነባ እናዳምጥ ነበር። ከሚነግረን ሁሉ የሚወደው የሁለቱን ወንድማማቾች ተረት ነው።

ታላቁ በዚህኛው ኮረብታ፣ ታናሹ በዚያኛው ይኖራሉ፤ መሐላቸው ወንዝ የሚያልፍበት ሸለቆ ነው። ማታ ማታ ታላቁ ደጁ ላይ ቆሞ «አለህ?» ብሎ ይጣራል፤ ታናሹ «አለሁ!» ይላል። አንዳንድ ቀን አቆይቶ ይመልሳል፤ አንዳንድ ቀን «ላሟ ወለደች!» ብሎ ይጨምርበታል፤ አንዳንድ ቀንም «ዛሬ ደግሞ ምን ያስጮህሃል!» ብሎ ይቆጣል። አንድ ቀን ጅብ ታናሹን በላው። ጅቡም ያቺን አንዲት ቃል ሲሰማ ከርሞ ለምዷት ነበርና ማታ ማታ «አለሁ!» እያለ እሱ ይመልስ ጀመር። ታላቁም ደስ ብሎት ይተኛል። ውሎ አድሮ ግን አንድ ነገር ቆረቆረው። ወንድሙ ሰዓት አክባሪ ሆኖ አያውቅም፤ አሁን ግን አንድም ማታ አያረፍድም፣ አይቆጣም፣ ስለ ላሟም አያወራም። «የጠፋችው ጥጃ ተገኘች?» ብሎ ጮኾ ጠየቀው። ጅቡም «አለሁ!» አለ። ያን ጊዜ ታላቁ ጦሩን አንስቶ ወንዙን ተሻገረ።

እዚህ ላይ አያቴ ጋያውን ይስባል። እኔ «ከዚያስ?» እለዋለሁ። «ከዚያማ ልቅሶ ነው» ይላል፤ ተረቱ በዚህ ያልቃል።

ስልክ ቤታችን የገባው የአያቴ የመጨረሻ ልጅ፣ አጎቴ ኑሪ፣ ደቡብ አፍሪካ ከሄደ በኋላ ነው። ያኔ ከእኛ አካባቢ ወጣቱ ሁሉ በሞያሌ በኩል ወደዚያ ይጎርፍ ነበር። አባቴ ሆሳዕና ገበያ እህል ይነግድ ስለነበር ከዚያው አንድ ቀፎ ገዝቶ መጣ። ቤት ውስጥ ኔትወርክ የሚገኘው ምሰሶው ጋ ብቻ ሆነና አያቴ የፈረሱን ልጓም ይሰቅልበት የነበረው ምስማር ለስልኩ ተለቀቀ። ልጓሙ ወደ በረቱ ወረደ። ኑሪ ወጪው ስለከበደው «አንድ ጊዜ ጠርቶ ሲዘጋ ደህና ነኝ ማለቴ ነው፤ እንዳታነሱት» ብሎ ነገረን። ከዚያ በኋላ ኑሪ ማለት ሚስኮል ሆነ።

አያቴ መጀመሪያ ላይ ስልኩን ናቀው። በእሱ ሕግ ስሙ የተጠራ ሰው ዝም ካለ ባለጌ ነው፤ ስለዚህ ስልኩ አንዴ ጮኾ ዝም ሲል፣ ወደ ምሰሶው ዞሮ «አቤት፣ ልጄ!» ይል ነበር። እኛ እንስቃለን። ሳቃችን ግን አልቆየም፤ ያ ሽማግሌ ቀስ በቀስ የስልኩ ሎሌ ሆነ። ከመግሪብ ሶላት ጀምሮ ፊቱን ወደ ምሰሶው አዙሮ ይቀመጣል። ከጓዳ ክዳን ቢወድቅ «እሽሽ! ዝም በሉ፣ ይጠራ ይሆናል» ይላል። ባትሪው ሊያልቅ ሲል ቤቱ ይታመሳል፤ ስልኩ ቻርጅ ሊደረግ ከተማ ሲወሰድ እህል አይቀምስም። እኔ ፍሙ ዳር ተቀምጬ «ከዚያስ?» የምለው ነገር አጣሁ። ኑሪም እንደሆነ ገና በልጅነቱ የታወቀ ቀልቃላ ነው፤ አንድ ቀን አመሻሹ ላይ፣ አንድ ቀን ከኢሻ በኋላ ይደውላል፣ አንዳንዴ ጭራሽ ይረሳናል፣ ሲለው ደግሞ ደጋግሞ ያስጮኸዋል። ያኔ ስልኩን ከምስማሩ አውርጄ እሳት ውስጥ ብከተው ደስታዬ ነበር።

ረመዳን እንደወጣ አያቴ ደረቱን ታሞ ተኛ። በዚያው ሰሞን ሽማግሌዎች ወደ ቤታችን ይመላለሱ ጀመር፤ ወደ ውስጥ ግን አይገቡም፣ ከአባቴ ጋር እንሰቱ ሥር ቆመው ያንሾካሹካሉ። የእማዬ ዓይን አብጦ ነበር። «ጭሱ ነው» አለችኝ። እኔም አያቴ ሊሞት ነው ብዬ ፈራሁ። ስልኩን እንዳልነካው የተከለከልኩትም ያኔ ነው፤ ምክንያቱን የነገረኝ የለም።

አያቴ ግን ዳነ። ያዳነውም ስልኩ ይመስል ነበር፤ ምክንያቱም ኑሪ ጠባዩ ተለወጠ። መግሪብ ተሰግዶ አባቴ ፈረሱን ሊያስር ሲወጣ፣ ያው ስልኩ አንዴ ይጮኻል። አንድም ማታ አልቀረም። «ልጄ ሰው ሆነ!» እያለ አያቴ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራ። ሰነባብቶ ግን ማውራቱን ተወ። «አቤት፣ ልጄ!» የሚለውም ድምፁ እያነሰ እያነሰ ሄደ።

አንድ ማታ ጋያውን አስቀምጦ «ነይ፣ ተቀበዪኝ» አለኝ። ጮቤ ረገጥኩ። የወንድማማቾቹን ተረት ጀመረ፤ እኔም «ከዚያስ?» እያልኩ ተከተልኩት። ጅቡ «አለሁ!» ማለት የጀመረበት ላይ ሲደርስ አባቴ እንደ ልማዱ «ፈረሱን ልሰር» ብሎ ወጣ። እማዬ አንገቷን ደፋች። አያቴ ቀጠለ። «የጠፋችው ጥጃ ተገኘች?» ብሎ ሳይጨርስ ስልኩ ጮኸ።

«አንሺው» አለኝ።

«ኧረ አባባ፣ እንዳይነሳ ተብሏል!» አለች እማዬ።

«አንሺው አልኩ!»

አረንጓዴዋን ቁልፍ ተጫንኩና ጆሮው ላይ አደረግሁለት፤ ጆሮዬን ከጆሮው ጋር አጋጠምኩ። የሚናገር ሰው የለም። ከዚያ ውሻ ጮኸ። የእኛው ቦቢ ነው፤ ጩኸቱ በስልኩም ይሰማል፣ ከደጅም ይሰማል። አያቴ ወደ ስልኩ ጠጋ ብሎ በቀስታ «የጠፋችው ጥጃ ተገኘች?» ብሎ ጠየቀ። መስመሩ ተዘጋ። ትንሽ ቆይቶ አባቴ ሌላ ስልክ በእጁ እንደያዘ በሩ ላይ ቆመ።

ኑሪን እዚያው ደቡብ አፍሪካ ሌቦች ሱቁ በር ላይ ገድለውት ኖሯል፤ አያቴ ታሞ በተኛ ሰሞን። ሽማግሌዎቹ መርዶው ለታመመ ሰው አይነገርም፣ እስኪያገግም ይቆይ አሉ። ይህ ያገር ወግ ነው፤ በዚህ አልቆጣም። ሲሻለው በማለዳ ተሰብስበው መጥተው ያረዱታል፤ ሁሌም እንዲህ ነው። ግን ስልክ ከመምጣቱ በፊት መርዶ ለመደበቅ ዝም ማለት ይበቃ ነበር። ዝምታ ውሸት አልነበረም፤ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ሰው ጠፋ፣ ወሬ ዘገየ ይባላል። ምስማሩ ላይ ያ ስልክ ከተሰቀለ በኋላ ግን ዝም ካሉ ዝምታው ራሱ ሊያረዳው ሆነ። ስለዚህ አባቴ ሌላ ቀፎና ሌላ ሲም ካርድ ገዝቶ የሞተውን ወንድሙን ማታ ማታ «ደህና ነኝ» ያሰኘው ጀመር። አያቴ ቁጥር አያነብም። የማነበው እኔ ደግሞ እንዳልነካ ተከልክያለሁ። ከዚያም አያቴ ዳነ፣ እህሉ ታጨደ፣ መርዶው ግን ዛሬ ነገ እየተባለ ቀረ፤ ስልክ መደወል ፊቱን አይቶ ከመናገር ይቀላላ!

«አባባ፣ ለአንተው ብለን ነው» አለ አባቴ።

አያቴ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «ለልጄ ምሕረት መለመን ሲገባኝ በሰላም መልሰው እያልኩ ዱዓ ሳደርግ ከረምኩ። ሬሳው ቀረብኝ፣ ቀብሩ ቀረብኝ። የቀረችኝ ልቅሶ ነበረች፤ እሷንም አንተ በላህብኝ» አለው።

በማግስቱ ልቅሶ ተቀመጥን። አያቴ ስልኩን ከምስማሩ ነቅሎ ለአባቴ መለሰለት፤ በረት ወርዶ ልጓሙን አመጣና በቦታው ሰቀለው። ከዚያ ወዲህ እስኪሞት ድረስ ተረት አልነገረንም። ፍሙ ዳር ብቀመጥም «ተቀበዪኝ» አላለኝም። አባቴን ይቅር የማልለው ለዚህ ነው። ከአያቴ ልቅሶውን ሲወስድ ከእኔም የወሰደው አለ።

ዛሬ እኔም ልጆች ወልጄ ሆሳዕና ከተማ እኖራለሁ፤ ስልኬም ከእጄ አይለይም፣ አልዋሽም። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ በተራው ደቡብ አፍሪካ ነው። የቤተሰቡ ግሩፕ ላይ በየማለዳው የአውራ ጣት ሥዕል ይልካል፤ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ አበባ እየላከ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው» ብሎ ወደ ሥራው ይሄዳል። ደሜ ይፈላል። አውራ ጣት ጅብም ይልካል! እኔ ካልደወልኩ፣ ድምፁን ካልሰማሁ፣ ሌላ ሰው የማያውቀውን ነገር ጠይቄው ካልተቆጣኝ አላምንም። «አንቺ ሴትዮ አበዛሽው» ይለኛል። ሲቆጣኝ ደስ ይለኛል።

ይባስ ብሎ አባቴ በስተርጅና የስልክ ጠላት ሆኗል። ባለፈው ለአረፋ ሌሞ ተሰብስበን ሳለ የልጅ ልጆቹን ስልክ እየነጠቀ ሰፌድ ላይ ከመረው። «ይሄ ነገር ቤተሰብ በተነ! ድሮ እኮ በዚህ ሰዓት ተረት ነበር የምንሰማው» አለ። ያን ሁሉ ማን እንደሠራው የረሳ ይመስል! ጥርሴን ነከስኩ። እሱ ግን ምሰሶውን ተደግፎ ተቀመጠና «ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ» ብሎ ጀመረ።

ጀመረና ቆመ። ልጆቹ ምን እንደሚባል አያውቁም፤ ዓይናቸው ሰፌዱ ላይ ነው። አባቴ ጠበቀ፣ ጠበቀና ወደ እኔ ዞረ። የሚለምን ዓይን ነበር።

«ከዚያስ?» አልኩት።

ቀጠለ። ሁለቱን ኮረብታዎች፣ ሸለቆውን፣ የወለደችውን ላም በደንብ ተናገረ፤ ልክ እንደ አያቴ። ድምፁም የአያቴን ድምፅ ይመስል ነበር። ጅቡ ታናሹን የበላበት ላይ ሲደርስ ግን ቸኮለ። «ታላቁም ሰማና ጅቡን ገደለው። በቃ፣ አለቀ።»

«አላለቀም፣ አባዬ» አልኩት። «ከበላው በኋላ ጅቡ ማታ ማታ ምን ያደርግ ነበር?»

ልጆቹ ከሰፌዱ ላይ ዓይናቸውን አንስተው አንዴ እሱን አንዴ እኔን ያያሉ። አባቴ ከራሱ በላይ ወዳለው ምስማር ቀና ብሎ አየ፤ ልጓሙ አሁንም እዚያው ነው።

«አለሁ... ይል ነበር» አለ።

ልተወው እችል ነበር። ሽማግሌ ነው፣ ቀኑም በዓል ነው።

«ከዚያስ?» አልኩት።