ልጆቹ እትዬ ወርቅነሽ ቤት የተማሩ ጊዜ

እትዬ ወርቅነሽን ዳንግላ ጋሪ ተራ አካባቢ የማያውቃቸው የለም። ጠላ ሻጭ ናቸው። በልጅነታቸው ከአዘና ተድረው መጡ፤ ባለቤታቸው ሲያርፉ ጠላውን ጀመሩ። አንድ ሴት ልጅ አለቻቸው፤ ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን ትታ ባሕር ዳር ሰው ቤት ገባች። እኔ ጋሪ ነጂ ነኝ። ከሥራ ስመለስ ፈረሴን ፈትቼ እሳቸው ዘንድ ነበር የምቀመጠው። ስለ ሰው መጻፍ አልለመድኩም፤ ግን የእሳቸው ነገር ሆዴ ውስጥ ስለቀረ ልሞክር ብዬ ነው።

በ2007 ክረምት ልጄ ሃይማኖት ወደ አሥረኛ ክፍል አልፋ ነበር። አሥረኛ ላይ ትልቁ ፈተና አለ፤ እሷ ደግሞ ሂሳብ ይከብዳታል። ቆሰበር ከተማ ጥሩ የክረምት ትምህርት አለ ሲሉኝ ሄጄ ጠየቅኩ። ክፍያው ላይ የሚኒባሱ ሲጨመር የእኔ አቅም አይደለም። ምን እንደምላት ሳላውቅ ተመለስኩ።

በዚያው ሰሞን አሳምነው የሚባል የሰፈራችን ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጣ።

«ጋሼ ይሄነው፣ እኔ የሰፈሩን ልጆች በነጻ አስተምራቸዋለሁ፤ ቦታ ብቻ ፈልጉልኝ» አለኝ።

እኔ ሰው ፊት አፌ አይፈታም። ያን ቀን ግን እትዬ ወርቅነሽ ዘንድ ሄጄ እንደምንም ተናገርኩ።

«ጠላ ቤት ውስጥ?» ብለው ሳቁ። «ጋኖቹስ? አብረው ይማሩ?»

«ጋኖቹማ ወደ ጓዳ ቢገቡ ብዬ ነበር…»

«በል አምጣቸው። የእኔዋ ቀርታለች፤ የሰው ልጅ እንኳ ይማር።»

ጠዋት ጠዋት ልጆቹ ሥራ ስላለባቸው ትምህርቱ ከሰዓት በኋላ ሆነ። ጠጪ የሚመጣውም ያኔ ነው። አባቶች በር ላይ ደርሰው ልጆቻቸውን ሲያዩ ይመለሳሉ። ልጁ ፊት ማን ይጠጣል? ማዶ ያለችው ጠላ ሻጭ ውብአየሁ ቤት መግባት ጀመሩ። እኔም ገባሁ። ትምህርቱን እንዳልረብሽ ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ።

አንድ ቀን በዝናብ እትዬ ወርቅነሽ የተዋሱትን ወንፊት ሊመልሱ ውብአየሁ ቤት መጡ። ነጠላቸውን እያራገፉ ቀና ሲሉ ሁላችንም አለን።

«እንዴ! የወላጅ ስብሰባው እዚህ ነው?» አሉ።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ነጋ የሚባለው ጋሪ ነጂ፣ «እትዬ፣ ልጆቹ እርስዎ ዘንድ ይማራሉ፤ እኛ እዚህ እናጠናለን!» አለ።

«አንተማ ስታጠና ስንት ዓመትህ! አላለፍክም እንጂ።»

እሳቸውም ስቀው ወጡ። እኔ ዓይኔን ከጣሳው ማንሳት አቃተኝ።

በማግስቱ ጠዋት በደጃቸው ሳልፍ ጠላ ቦይ ውስጥ ሲደፉ አየሁ። ጋሪውን አቆምኩ።

«ሆምጥጦ ነው» አሉ። «ይሄነው፣ ልጆቹን ላስወጣቸው ነው። እኔም የምኖረው በዚሁ ነው።»

«ነሐሴ እስኪያልቅ ብቻ ቢታገሱን…» አልኩ።

«የፈረስህን ሣር የምታኖርበት ክፍልስ?»

 ያን ክፍል መጀመሪያውኑ አስቤው ነበር። ሣሬ ዝናብ እንዳይመታው ብዬ የሰው ጠላ አስደፋሁ።

«ያውቁ ኖሯል?» አልኩ። «ታዲያ ያኔ ምነው ሳይነግሩኝ?»

«አንተ ስንት ዓመት ተቀምጠህ አንድ ነገር ለምነህ አታውቅም። እንዴት ብዬ ልመልስህ?»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ቀን ሣሩን ወደ መኝታችን አስገባሁ። ሚስቴ አጉረመረመች፤ ልጆቹ ግን አንድ ቀን ሳይቀርባቸው ሣር ቤቱ ውስጥ ትምህርታቸውን ጨረሱ። ሃይማኖትም ሂሳቡን ደፈረችው።

ጠጪዎቹ ግን አልተመለሱም። ነጋን፣ «አሁንማ ልጆቹ የሉም፤ ወደ እትዬ ወርቅነሽ እንሂድ» ብዬ ብጠይቀው፣ «ተወን ባክህ፣ እዚህ ለምደናል» አለኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ይሟገት ነበር። እኔ ጣሳዬን አስቀምጬ ብቻዬን ወጣሁ።

እትዬ ወርቅነሽ ቀድተው ሰጡኝና ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ሌላ ሰው አልነበረም።

«ልጅቱ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት። እየገባት ነው።»

«እሰይ!» ብለው ደገሙልኝ። ጠጣሁት። ሦስተኛውን መጠጣት አላማረኝም ነበር፤ ጋኑ ሙሉ መሆኑን ሳይ ግን ጣሳዬን ዘረጋሁ።