ባል፣ አንድ ቅጂ

የሥራ ባልደረቦቿ «እትዬ ካርድ» የሚሏት ያለ ምክንያት አይደለም። ዕድሜዋን የፈጀችው በቤተ መጻሕፍቱ የእንጨት መሳቢያዎች መሀል፣ ለያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ አንድ ካርድ እየጻፈች ነው። መሳቢያዎቹ ምድር ቤት ወዳለው መጋዘን የወረዱ ዕለት ፊቷን አዙራ ቆመች። በምትካቸው የመጣው ኮምፒዩተር ጠረጴዛዋ ላይ ጉብ ብሎ ሲያፈጥባት፣ እሷም መልሳ አፈጠጠችበት።

ኃላፊው ጨዋ ሰው ነው፤ ክፉ ነገር ሲናገር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «እትዬ፣ በአዲሱ ሥርዓት ብቻዎን መሥራት ከቻሉ ጠረጴዛው የእርስዎ ነው» አላት። «ካልሆነ ግን መጋዘን ውስጥ ቀለል ያለ ሥራ አለ።» ቀለል ያለ የሚለው አቧራ ማራገፉን ነው። እሷ ደግሞ መጋዘን ከምትወርድ ኮምፒዩተሩን ብትውጠው ትመርጣለች።

መማር ጀመረች። መጀመሪያ ልጇ ልታሳያት ሞክራ ነበር። ያቺን ልጅ ፊደል ስታስቆጥር ይህች እናት አንድ ቀን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም። ልጅቷ ግን ገና ከጅምሩ «እማዬ፣ ቁልፉን ምን ያስደበድብሻል፣ ነካ ብቻ አድርጊው!» ብላ ጮኸችባትና ትምህርቱ በኩርፊያ ተበተነ።

ከዚያ ወዲያ የራሷን ዘዴ ዘየደች። አዲሱ የካታሎግ ደንብ እንደ ድሮው ቃል ማሳጠር አይወድም፤ ያዩትን እንዳዩት፣ ሙሉውን መጻፍ ነው። ታዲያ ለልምምድ የሚሆን፣ አብጠርጥራ የምታውቀው ነገር መፈለግ ነበረባት። ከባሏ የበለጠ የምታውቀው ምን አለ? የማለማመጃውን ገጽ ከፈተችና ፊደሎቹን እየለቀመች ሞላችው።

ርዕስ፦ ባል። አዘጋጅ፦ እናቱ። የታተመበት ዘመን፦ አይታወቅም፤ ራሱ በየጊዜው ይቀንሰዋል። ርዕሰ ጉዳይ፦ ሹፌርነት — ትዝታ — ተደጋጋሚ። ሁኔታ፦ መሀሉ ሰፍቷል፣ ጀርባው ላልቷል፣ ሲተኛ ድምፅ ያሰማል። የቅጂ ብዛት፦ አንድ። ምትክ፦ አይገኝም።

እየሳቀች አስቀመጠችው። ችግሩ፣ ማለማመጃውና እውነተኛው ገጽ መንትያ ናቸው፤ የሚለያቸው ጥግ ላይ ያለች ትንሽ ቢጫ ምልክት ብቻ ናት። ካርዱን በመሳቢያው ስትለይ ለኖረች ሴት ደግሞ ጥግ ላይ ምልክት መፈለግ ከየት ይምጣላት? ለካ የከፈተችው እውነተኛውን ኖሯል፤ ጉድ ፈላ።

በማግስቱ ኃላፊው ድምፁን ከወትሮው ይበልጥ ዝቅ አድርጎ ሲጠራት፣ ነገር እንዳለ ገባት።

«እትዬ፣ አንባቢዎች ባልዎን እንድናውሳቸው እየጠየቁን ነው።»

ስክሪኑን አዞረላት። ባሏ «ባህል» እና «ባሩድ» መሀል ተሰድሯል፤ ከሥሩ ወረፋ ተይዞበታል። አንዷ አንባቢ «ማራዘም ይቻላል?» ስትል ጽፋለች። ሌላዋ «የኔን በለውጥ ትቀበላላችሁ?» ብላለች። እትዬ ካርድ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«ዛሬውኑ ከአንባቢ ዓይን መራቅ አለበት» አለ ኃላፊው፤ ሳቁን ሲያፍን መነጽሩ አፍንጫው ላይ ይንቀጠቀጣል። «እርስዎ ብቻዎን ነው የሚሠሩት፣ ማንም አይነካልዎትም። ካቃተዎት ያው ስለ መጋዘኑ እንነጋገራለን።»

ጠረጴዛዋ ጋ ስትመለስ ባሏ ቆሞ ይጠብቃታል። በየቀኑ ጋዜጣ ሊያነብ ይመጣል፤ ዛሬ በር ላይ ጥበቃው ወሬውን ነግሮታል።

«እኔ ነኝ ተደጋጋሚ?» አላት።

«ደንቡ ያየሽውን ጻፊ ነው የሚለው።»

«መሀሉ ሰፍቷልስ?»

«እሱማ ይታያል እኮ።»

ጎንበስ ብሎ፣ «ወረፋው ላይ ግን ስንት ናቸው?» አላት።

«ደስ አይበልህ! ዞር በልልኝ።»

ዞር አላለም፤ ወንበር ስቦ አጠገቧ ቁጭ አለ። እሷም «ሰርዝ» የሚለውን ነካች። ኮምፒዩተሩ ግን ዝም ብሎ አይሰርዝም፤ ምክንያት ምረጪ አላት። የቀረቡላት ምክንያቶች «ጠፍቷል»፣ «ከጥቅም ውጭ ሆኗል» እና «ተወግዷል» የሚሉ ነበሩ። ሌላ የለም።

አነበበች። ደግማ አነበበች። አንዱን ብትነካ ጠረጴዛዋ ይተርፍላታል። ባሏም አብሯት ያነብባል፤ ቀልዱ ከፊቱ ላይ ጠፍቷል። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ጫማውን አጥልቆ የሚሄድበት ሥራ ሲያጣ፣ «እኔ እንግዲህ ከጥቅም ውጭ ነኝ» ይላል እየሳቀ። ሳቁ ከአንጀቱ እንዳልሆነ እሷ ታውቃለች።

«ግድ የለም፣ መሀለኛውን ንኪው» አላት ቀስ ብሎ። «መጋዘን ከምትወርጂብኝ።»

«አፍህን ያዝ!» አለችውና «ተመለስ» የሚለውን ነካች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ከዚያ ያገኘችውን ሁሉ ከፍታ ማየት ጀመረች። እየገባች ትወጣለች፣ እየተሳሳተች ትመለሳለች። አንዴ የስክሪኑን ፊደል ሁሉ ዝሆን አሳከለችው፤ ባሏ «አሁን ነው ያየሁት» ብሎ አመሰገናት። ብዙ ከታገለች በኋላ አንድ ጥግ ውስጥ «ለሠራተኛ ብቻ የሚታይ» የሚል አገኘች። ነካችው። አንባቢዎች የሚፈልጉበት ገጽ ላይ ገብታ «ባል» ብላ ጻፈች፤ ምንም አልተገኘም። ወረፋውም አብሮ በኖ ጠፍቷል።

ኃላፊው መጣና ከትከሻዋ በላይ አየ። «አልተሰረዘም እኮ፣ እትዬ።»

«ከአንባቢ ዓይን ይራቅ ነው ያሉኝ፤ ከኔ ዓይን አላሉኝም።»

ኃላፊው ስክሪኑን አየ፣ ባልየውን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። «ጠረጴዛው የእርስዎ ነው» ብሎ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ሳቁ ሲያመልጠው ተሰማ።

እሷ ግን አሁንም እየለቀመች ትጽፋለች።

«ደግሞ ምን እየሠራሽ ነው?» አላት ባሏ።

«በስሜ እየተዋስኩህ ነው። ሠራተኞቹም ሴቶች ናቸው።»

አንገቱን አስግጎ አየ። «የመመለሻ ቀን ሙዪ ይላል።»

«አይቼዋለሁ» አለችና ባዶውን ትታ አስቀመጠችው።