ሁለተኛዋ ጉርሻ

አቶ ሰይፈ ገብርኤል ጀርመን አገር ሆኽስት ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት በፈረቃ ሲሠሩ አንድ ቀን አርፍደው አያውቁም። ጡረታ ሲወጡ ግን ጉድ ፈላ፤ ቤት መቀመጥ አልሆነላቸውም። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ውብነሽን የሽንኩርት አከታተፍ ላስተምርሽ ቢሏቸው፣ "በል ውጣልኝ!" ተብለው ከወጥ ቤት ተባረሩ።

እግዜር ሲያወጣቸው ልጃቸው ፀሎት የዩኒቨርሲቲዋ የተራራ ብስክሌት ቡድን ውስጥ ገባች። ቡድኑ ሾፌር አልነበረውምና ሚኒባሱን መንዳት የእሳቸው ሆነ። ከዚያ ወዲያ የሚኖሩት ቅዳሜን ለመጠበቅ ነው ቢባል ውሸት የለውም።

ባለፈው ሳምንት የቅዳሜና እሁድ ውድድር ታውኑስ ተራራ ላይ ነበር። ቅዳሜ ፀሎት ዳገቱን ስትወጣ አባት "በርቺ፣ የኔ አንበሳ!" እያሉ ከጎኗ ሮጡ፤ ዳኛዋ ፊሽካ ነፍታ አስቆመቻቸው። ፀሎት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች!

"ፓፓ፣ ነገ ኑር ዲ ፍላሸ!" አለች ሲመለሱ። ጠርሙሱን ብቻ ማለቷ ነው። "ሌላ ነገር ካደረግክ ሁለተኛ አትመጣም።"

እሁድ አፋቸውን ለጉመው፣ ጠርሙሱን ይዘው፣ ምግብና ውሃ የሚቀበሉበት ቦታ ላይ ቆሙ። ኪሳቸው ውስጥ ግን ጭኮ ነበር፤ በሶውን በንጥር ቅቤ ለውሰው ያድቦለቦሉት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ቁርስ ያልቀመሰች ልጅ በውሃ ብቻ ተራራ ትውጣ? ይሄማ ግፍ ነው!

በመጨረሻው ዙር ፀሎት ሦስተኛ ሆና መጣች። ጠርሙሱን ሰጧትና፣ አፏን ስትከፍት ጭኮዋን ላጥ አድርገው አጎረሷት። እያላመጠች አለፈች። እሰይ!

ወዲያው ከኋላዋ ሰማያዊ ማሊያ የለበሰች፣ የሌላ ዩኒቨርሲቲ ልጅ ደረሰች። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ዓይኗ የአቶ ሰይፈ ገብርኤል እጅ ላይ ነው። እስኪ አሁን፣ ሰው ዓይን ዓይናቸውን እያየ ምን ያድርጉ?

"ብይ ልጄ፣ በሞቴ!" ብለው አጎረሷት።

እዚህ ላይ ቢያቆሙ ጥሩ ነበር። ግን ፀሎትን ከሕፃንነቷ ጀምሮ "አንድ ጉርሻ ያጣላል" እያሉ ያሳደጉ ሰው ናቸው። የሰውን ልጅ በአንድ ጉርሻ መሸኘት ነውር ነው። አራት እርምጃ ተከትለው ሮጡና ሁለተኛዋን ጨመሩላት።

ልጅቱ ነብር ሆነች! መጨረሻው መስመር ላይ ፀሎትን በአንድ ጎማ ቀድማ ሦስተኛ ወጣች።

ቡድኑ ሚኒባሱ ውስጥ ገብቶ መንገድ ጀመሩ። ፀሎት ከፊት ተቀምጣ በመስኮት ታያለች። አቶ ሰይፈ ገብርኤል የሚመጣውን ቅዳሜ ቤት ተቀምጠው ሲውሉ ታያቸው። በቃ፣ ወደ ሽንኩርቱ!

"ፀሎቴ፣ ርቧት ነበር እኮ" አሉ ቀስ ብለው።

ፀሎት ዞር አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

"ለሷ ሁለት አጎረስካት።"

"እ?"

"ከላይ ኩርባው ላይ ሆኜ አይቼሃለሁ። ለሷ ሁለት፣ ለኔ አንድ።" ሁልጊዜ በጀርመንኛ የምትመልስላቸው ልጅ፣ ይቺን በአማርኛ አለቻት።

አቶ ሰይፈ ገብርኤል ሚኒባሱን ዳር አቁመው ሞተሩን አጠፉ። ኪሳቸውን ቢዳብሱ አንዲት ጭኮ ቀርታለች። ዞረው አጎረሷት።

ፀሎት አላምጣ እስክትውጥ ቡድኑ በሙሉ ጠበቀ።

"ለቅዳሜ በትልቁ ድስት ለውስ" አለች። "ያቺም ከመጣች ትብላ። ግን መጀመሪያ የኔ ሁለት።"