ቁልፍ የሌለው ፍሪጅ

ዛሬ ቆራሌው የእናቴን አሮጌ ፍሪጅ ሊወስድ መጥቶ «ቁልፉስ የታለ?» ሲለኝ እንባዬ መጣ።

በደርግ ጊዜ አባቴን ስኳር በሽታ ሲይዘው፣ እማዬ የሰርጓን የወርቅ አምባር ሸጣ ለኢንሱሊኑ ማቆያ ፍሪጅ ልትገዛ ከጀጎል ድሬዳዋ ወረደች። እኔም ተከተልኳት።

ለአንድ ሰው መድኃኒት ትንሹ ይበቃ ነበር። እሷ ግን ትልቁን፣ ውዱን መረጠች። ነጋዴው «በሩ ይቆለፋል» እያለ ሲያሞካሽላት ቁልፉን መለሰችለት።

«የጎረቤት መድኃኒትም ይገባበታል። በሰው መድኃኒት ላይ ልቆልፍ እንዴ?»

ከዚያ ወዲያ የሰፈሩ ኢንሱሊን በሙሉ እኛ ቤት ነበር። (እኔ ለለስላሳዬ ቦታ አጥቼ ስንት ቀን አኩርፌአለሁ!)

አባቴም እማዬም አልፈዋል፤ አላህ ይዘንላቸው። ዛሬ ፍሪጁ ሲወጣ ጎረቤታችን እማማ ዘይነብ በሩን ዳብሰው «ማንንም ሳላስፈቅድ ነበር የምከፍተው» አሉ።

በእናንተ ሰፈርስ ሳታስፈቅዱ የምትከፍቱት የማንን ፍሪጅ ነበር?