የጮኸ ይቆይ

አሥር አለቃ ግዛቸው በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት ከሰሜን ጦር ግንባር ሲመለስ ይዞት የመጣው ሀብት አንድ ያጠረ እግርና አንድ የማይዘጋ አፍ ነበር። ደርግ ከእግሩ ቀንሶ አፉን ተወለት። ከነዚሁ ጋር ሐዋሳ ውስጥ አንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል በድሬሰርነት፣ በቁስል አጣቢነት ማለት ነው፣ ተቀጠረ።

እሱ ከመምጣቱ በፊት እዚያ በር ላይ ተራ የሚባል ነገር አልነበረም። ውስጥ ዘመድ ያለው ይቀድማል፤ ዘመድ የሌለው ማዕረጉን ይጠራል፤ ሁለቱም የሌለው ይጮኻል። ግዛቸው ግን ሙያውን የተማረው ቁስለኛ ከጭነት መኪና በሚራገፍበት ድንኳን ነው። እዚያ ሐኪሙ በቃሬዛዎቹ መሀል እየተራመደ፣ የሚጮኸውን አልፎ ዝም ያለውን ያስነሳ ነበር፤ ለመጮህም እኮ ትንፋሽ ያስፈልጋል። ግዛቸውም ይህንኑ ይዞ መጣና በሩ ላይ ቆሞ «የጮኸ ይቆይ» ይል ጀመር። ከተማው ጥርሱን ነከሰበት፤ ይሄስ ከሰው አልተፈጠረም አሉት። ዶክተር ባህሩ ግን እሱም ግንባር ላይ ሲቀድና ሲሰፋ ከርሞ የተመለሰ ስለሆነ፣ ግዛቸው የመረጠውን ሳይጠይቅ ያስገባ ነበር። ድሮ በረንዳ ላይ ያልቁ የነበሩ ሰዎች በእግራቸው ወደ ቤታቸው መሄድ ሲጀምሩ ሐሜቱም ቀዘቀዘ። ደግሞ ዘመድ አያውቅም፤ የገዛ ሚስቱን ጽጌሬዳን ቢላ ጣቷን ቢቆርጣት ረፋዱን ሙሉ አግዳሚ ላይ አስቀምጧታል።

ይቅር ያላሉት አማቱ ወይዘሮ ሙሉጌጥ ብቻ ናቸው። የታቦር ሰፈር ቅቤ ነጋዴ ናቸው፤ ልጃቸው ባለሱቅ እንድታገባላቸው ሲመኙ፣ አንካሳ ወታደር ይዛ ማዘጋጃ ቤት ፈርማ መጣች። ሠርግ አልደገሱ፣ ምርቃት አልሰጡ። መንገድ ላይ ሲያገኙት ሸንካላው ዛሬም አልሞትክም ወይ ይሉታል፤ እሱም እርስዎን ሳልቀብር የት እሄዳለሁ ይላቸዋል።

አንድ የገበያ ቀን ከሻሸመኔ ነጋዴ ጭኖ የሚመጣ ፊያት የጭነት መኪና ተገለበጠ። ጋቢና የነበረው የቀበሌ ሊቀ መንበር ጓድ ሽፈራው የአውራ ጣቱ ጥፍር ተነቅሎ ሆስፒታሉን በጩኸት አናወጠው። አብዮቱ እየደማ ነው ይል ነበር አሉ።

ወይዘሮ ሙሉጌጥ ከላይ ከጭነቱ ጋር ነበሩ። አሁን ነጠላቸውን አስተካክለው ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ደም የሚባል አይታይባቸውም። ግዛቸው ጎንበስ ብሎ እንዴት ነዎት አላቸው።

«ደህና ነኝ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጓድ ሽፈራውን አስቀድም።»

ልጄ! ግዛቸው ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምቶ አያውቅም። ግንባር ላይ ቁስለኛ እንዴት ነህ ሲባል ተመታሁ ይላል፤ የኛ ሰው ግን አንጀቱ ተዘርግፎም ይመስገን ነው የሚለው። ይልቁንም እኚህ ሴትዮ ደህና ቢሆኑ እሱን ሳይሰድቡ አይውሉም። እጃቸውን ያዘ፤ ቀዝቅዟል። የደም ሥራቸው ምት ክር አክሏል። አሁን ቢያስገባቸው በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት አማቱን አስቀደመ ሊባል ነው፤ በሩ ላይ ያስከበረው ደግሞ ዘመድ አለማስቀደሙ ብቻ ነው። ሽፈራውም እስር ቤት ሊወረውረው ይችላል። ፈራ፤ አጥንቱ ድረስ ፈራ። ቢያመነታ ግን ሴትዮዋ ይሞታሉ።

«እሳቸውን አስገቡ» አለ።

ዶክተር ባህሩ ሲከፍታቸው ጣፊያቸው ፈንድቶ ሆዳቸው ደም ሞልቶት አገኘ። ለጥቂት ተረፉ።

ሽፈራውም አልተኛም። ሴትዮዋ ከሆስፒታል እንደወጡ ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ጠራ፤ በፋሻ ተጠቅልሎ ድንች ያከለ ጣቱን ቀስሮ፣ ዘመድ ከዘመዱ አህያ ካመዱ ሲል ተረተ። አድልዎ የፊውዳል ርዝራዥ ነው፤ ስለዚህ ሰውዬው ከሥራው ተባርሮ ለፍርድ ይቅረብ አለ። ግዛቸው ሊከላከል ተነሳ። አማቱ መሆናቸው ሐሰት አይደለም።

ያኔ ወይዘሮ ሙሉጌጥ የተሰፋ ሆዳቸውን ይዘው፣ ምርኩዝ ተደግፈው ከኋላ ተነሱ።

«ዘመዱ ማነው? እኔ ለዚህ ሰው ልጄን አልዳርኩም። ሠርጌን የበላ አለ? ጓድ ሽፈራው፣ እርስዎስ ጠርቼዎት ነበር?»

አዳራሹ ሙሉ ያንን ያልተደገሰ ሠርግ ሲያማ የኖረ ሰው ነው። ሽፈራው ራሱ ሠርግ ሳያበሉኝ ቀሩ ብሎ አኩርፎ ነበር። አሁን በላሁ ቢል ውሸት ነው፣ አልበላሁም ቢል ክሱ መና ሊቀርበት ነው፤ ወረቀቱን አጣጥፎ ወደ ሌላ አጀንዳ አለፈ።

ስብሰባው ሲበተን ወይዘሮ ሙሉጌጥ ምርኩዛቸውን ለጽጌሬዳ አቀበሉና፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ዘመዳቸው ያልሆነውን ሰውዬ ክንዱን ይዘው፣ ሁለቱም እያነከሱ ወደ ታቦር ሄዱ።