ምርቃቱ ሳያልቅ

ጋልማ ፍየል ሊሸጥ ከኡራን ሞያሌ በመጣ ቁጥር የሚያርፈው እኔ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። ሃያ ዓመት ሆነን። እኔ ድንበር ተሻግሬ ስኳርና ፓስታ የምሸጥ ደገኛ፣ እሱ ከብት አርቢ ቦረና፤ ግን ከወንድሞቼ ይልቅ የማውቀው እሱን ነው። ለሰላምታ ብቻ ሩብ ሰዓት ይፈጅ ነበር። መጀመሪያ ስለ እኔ፣ ቀጥሎ ስለ ልጆቼ፣ ከዚያ ስለ ዝናቡ ጠይቆ፣ የመጣበትን ጉዳይ የሚያነሣው መጨረሻ ላይ ነው። "አባ ጋልማ፣ አንተ ሰላም ብለህ እስክትጨርስ ፍየሎቹ ያረጃሉ" እያልኩ አሾፍበት ነበር።

ሚስቱ የሞተችው በወሊድ ነው፤ ሶሎሎ ካለው ሐኪም ቤት ሳትደርስ፣ ጭነት መኪና ላይ። የቀረችው ቱሪ የምትባል አንዲት ሴት ልጁ ናት። አሳድጎ ዳራት። በፈረንጆቹ 2015 የመጀመሪያ ልጇን ስታረግዝ ሰውዬው እንቅልፍ አጣ። ያን ሰሞን ከዋናው ከተማ ትልቅ ሹም ሞያሌ ይመጣሉ ተባለ፤ እዚህ አገር ሙሄሺሚዋ ነው የምንላቸው። የኡራን ሰዎች መከሩና አንድ ነገር ብቻ እንዲለምንላቸው ጋልማን ላኩት፦ ወላድ ሐኪም ቤት የሚያደርስ መኪና። ስዋሂሊም ቦረንኛም ስለምችል አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ።

ሙሄሺሚዋ በሄሊኮፕተር መጡ። እሳቸው ድንኳን ጥላ ሥር ተቀመጡ፤ ሕዝቡ ኳስ ሜዳው ላይ ፀሐይ ይመታዋል። ጋልማ በትሩን ይዞ ተነሣ። በቦረና ወግ እንግዳ ሳይመረቅ አይለመንም። "መንገድህ ሰላም ይሁን" ብሎ ጀመረ፤ ሕዝቡም "ናጋ" እያለ ተቀበለ፤ ሰላም ማለታቸው ነው። እናታቸውን መረቀ፣ ከብታቸውን መረቀ፣ ልጆቻቸውን መረቀ። ዝናቡ ላይ ሲደርስ አጃቢያቸው ሰዓቱን አሳያቸው። ሙሄሺሚዋ ተነሥተው የጋልማን እጅ ጨበጡ፣ አብረውት ፎቶ ተነሡ፣ አመስግነው ሄዱ። ጋልማ አቧራው ውስጥ እንደ ቆመ ቀረ። ልመናውን አልተናገረም።

"ክቡር ሆይ፣ ጥያቄው ገና ነው፣ ጥቂት ይታገሡ" ማለት የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ። የሱቄ ፈቃድ በሹም እጅ ነው፤ ፈራሁና ዝም አልኩ።

ሦስት ወር ሳይሞላ ቱሪን ምጥ ያዛት። ሁለት ቀን መኪና ተጠበቀ። ከብት የጫነ አይሱዙ ሲገኝ አቅሟ አልቆ ነበር። እናቷ በሞተችበት መንገድ፣ ከነልጇ ሞተች። ጋልማ ሬሳዋን ይዞ በዚያው መኪና ተመለሰ።

እኔ ከመሪ ብዙ አልፈልግም። መንገዱም ፋብሪካውም ይቆይልኝ። ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ ይቀመጥልኝ፤ ያን ቢያደርግ ሌላው ቀስ እያለ ይመጣል።

በፈረንጆቹ 2017፣ ምርጫ ሲደርስ፣ ሙሄሺሚዋ ተመለሱ። ሽማግሌው ይመርቁን ተባለ። ጋልማ ተነሣ። ሳይመርቅ፣ ሰላም እንኳን ሳይል፣ "መኪና ስጠን። ሴቶቻችን መንገድ ላይ እያለቁ ነው" አለና ተቀመጠ። እንዲህ ያለ ነውር ያላዩት ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፉ። እኔ ቃል ሳላስቀር ተረጎምኩ። በወሩ መኪናው መጣ፤ የሙሄሺሚዋ ፎቶ በሩ ላይ ተለጥፏል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

አሁን ጋልማ ሲመጣ ሰላምታው አጭር ነው። ባለፈው በረንዳው ላይ ተቀምጠን ሳለ ያ መኪና አለፈ። እስኪሰወር ድረስ ተከትሎ አየው።

"ያኔ ባለጌ ብሆን ኖሮ ቱሪ ትኖር ነበር" አለኝ። "ምርቃቱን ያስረዘምኩት እኔ ነኝ።"

ጥፋቱ ያንተ አይደለም አልኩት።

"ታዲያ የማን ነው?"

የሹሙን ስም ጠራሁለት። የራሴን መጥራት ነበረብኝ፤ አልጠራሁም።