ያንኳኳችልኝ ልጅ

ባለፈው ሳምንት ደሴ ውስጥ ከልጄ ጋር ታክሲ ተሳፍረን ነበር። ከኋላ የታጨቁት ተማሪዎች «ወራጅ አለ!» ይላሉ፣ ሾፌሩ ይቆማል፣ የሚወርድ የለም፤ እነሱ ይንከተከታሉ። ሦስተኛው ላይ ተሳፋሪው ሁሉ «አሳዳጊ የበደላችሁ!» እያለ ተነሣባቸው። እኔ በመስኮት ዝናቡን አያለሁ።

«እማ፣ ምነው ዝም አልሽ? ቤት ውስጥ እኮ ኮሽታ አትወጂም» አለችኝ ልጄ።

እውነቷን ነው። መልሱ ግን ከታክሲው መንገድ ስለሚረዝም ፈገግ ብዬ አለፍኳት።

በሃያ ሦስት ዓመቴ ሀርጌሳ ነበርኩ። ከተማዋ ከጦርነቱ ገና መነሣቷ ነው፤ ግማሹ ቤት ጣሪያ የለውም፣ የቀረው አዲስ ቆርቆሮ ለብሶ ዓይን ይወጋል። ሃያ ስድስት ጁን በሚባል ሰፈር ልብስ እሰፋለሁ፤ አሕመድ ዳጋህ በሚባል ሌላ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። ይዛኝ የሄደችው የአክስቴ ልጅ ስድስት ወር ሳይሞላ ወደ ዓረብ አገር ስትሻገር ብቻዬን ቀረሁ። ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም። ጎረቤቴ ጧት ጧት በሻይና በሰሊጥ ዘይት የራሰ ላሆህ ትልክልኛለች፤ የእንጀራ ታናሽ እህት የሚመስል ነገር ነው። የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ይባላል፤ የእኔ ሶማሊኛ ግን ከሰላምታና ከክንድ ልኬት አያልፍም ነበር። አንዳንድ ቀን የራሴን ድምፅ ለመስማት ብዬ የስፌት መኪናዬን በአማርኛ እሰድባት ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ሱቁም ይዘጋል፣ ተማሪውም ይለቀቃል፤ ሚኒባሱ የእነሱ ነው። እዚያ መውረድ የፈለገ ሰው የመኪናውን ቆርቆሮ ሁለቴ ያንኳኳል። ተማሪዎቹ ታዲያ ለጨዋታ በየመንገዱ ያንኳኳሉ። የተሰላቸው ሾፌር መስማት ስለተወ፣ እኔ የእውነቴን ሳንኳኳ ሰፈሬን ጥሎ ያልፋል። ከዚያ በዚያ ፀሐይና አቧራ ወደ ኋላ በእግር መመለስ ነው።

አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና በአማርኛ ጮህኩባቸው። «እናንተ ስትወለዱ ጆሮ አልቆ ነበር እንዴ?»

ሁሉም አፈጠጡብኝ። የማንኳኳቱ አለቃ የነበረችው ቀጭኗ ልጅ ብቻ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው አፏን በሻሿ ሸፈነች። ስወርድ ወረደች። ጓደኞቿ ከዓይን እስኪጠፉ ከኋላዬ ስትከተል ቆይታ፣ «እትዬ፣ ስድብሽ ደስ ይላል» አለችኝ።

ሆዳን ትባላለች፤ ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቤቷም እዚያው ሰፈሬ ነው። ቤተሰቦቿ በጦርነቱ ወደ ድሬዳዋ ሸሽተው ስለነበር ያደገችው እዚያ ነው፤ ከተመለሱ ሁለት ዓመታቸው። ድሬዎች ትልቁንም ትንሹንም አንተ አንቺ ነው የሚሉት፤ ወሎ ቢሆን ጆሮዋን እቆነጥጣት ነበር። ያን ቀን ግን ያች «አንቺ» ከማር ጣፈጠችኝ።

«ለማንም እንዳትናገሪ» አለችኝ። «መጀመሪያ ስንመጣ ‹ሐበሺ› እያሉ አስለቀሱኝ። አሁን ረስተውታል። ሰው ፊት በአማርኛ እንዳታናግሪኝ፣ እሺ?»

«ወላሂ አላናግርሽም» አልኳት።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ከመውረጃው እስከ በሬ እናወራለን፤ ስለ ድሬ ሳምቡሳ፣ ስለ ደሴ ብርድ፣ ስለ ቁጡው አስተማሪዋ። አምስት ደቂቃ የማይሞላ መንገድ ነው። ቀኑን ሙሉ የምኖረው ለዚያች አምስት ደቂቃ ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ ግን አንተዋወቅም።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ሲቃረብ ከጅግጅጋ የመጣ ነጋዴ ደብዳቤ አደረሰኝ። አባቴ ከሞተ አርባ ቀን አልፎታል። አሠሪዬ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብላ አቀፈችኝና ወደ ቤት ላከችኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ሆዳን ከጓደኞቿ መካከል ተቀምጣ ትስቃለች። መሐላዬ የት እንደገባ እንጃ።

«ሆዳን፣ አባቴ ሞተ» አልኳት፤ በአማርኛ፣ ጮክ ብዬ።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። አንዷ ጓደኛዋ ምን እንደምላት ጠየቀቻት። ሆዳን ፊቷ ዐመድ መሰለ። «እኔ ምን አውቅላታለሁ፤ አላውቃትም» አለች በሶማሊኛ። ይህን ለመረዳት የእኔም ሶማሊኛ በቂ ነበር።

ያን ቀን በእሷ ተናደድኩ። አልቅሼ ሲወጣልኝ ነው በራሴ ያፈርኩት። ሁለት ዓመት ለፍታ የሸሸገችውን እኔ ሐዘኔን ማራገፊያ ፍለጋ በአንድ አፍታ ገለጥኩባት።

በማግስቱ ከፊት ተቀመጥኩ፤ ወደ ኋላ አልዞርኩም። ሰፈሬ ሲደርስ እጄን የማንሣት አቅም አልነበረኝም። ከኋላ ሁለቴ ተንኳኳ። ሾፌሩ ሰምቶ እንዳልሰማ ነዳ። እንደገና ተንኳኳና የሆዳን ድምፅ በሶማሊኛ «ሐበሺዋ ትወርዳለች!» ብሎ ጮኸ። ቆመልኝ።

እኔ ወረድኩ፤ እሷ አልወረደችም። በሬ ላይ ቆሜ ሳለሁ ከሚቀጥለው ማቆሚያ፣ ቦርሳዋን ለፀሐዩ አናቷ ላይ አድርጋ፣ በመንገዱ ማዶ ስትመለስ አየኋት። ቀና አላለችም። አገሬ እስክገባ፣ አራት ወር ያህል፣ በየቀኑ እንዲሁ ነበር። ታንኳኳልኛለች፣ አልፋ ትወርዳለች፣ በማዶ ትመለሳለች።

«አብሽሪ፣ አልተቀየምኩሽም» ልላት ይገባ ነበር። ይህን የምልበት ቋንቋ ግን አንድ ብቻ ነበረኝ፤ በእሱ እንዳላናግራት ደግሞ ምያለሁ። መሐላዬን ሁለተኛ ማፍረስ ፈራሁ። ዛሬ ሳስበው መንገዱን መሻገር ራሱ ይበቃ ነበር።

ታክሲው ሰፈራችን ሲደርስ ልጄ «ወራጅ አለ!» አለች። ሾፌሩ አላመናትም፤ አልፎን ሄዶ ራቅ ብሎ ቆመ። ልትቆጣ ስትል እጇን ያዝኩና ወረድን። በዝናቡ ወደ ኋላ እየተመለስን ስለ ሆዳን ነገርኳት። አምስት ደቂቃ የማይሞላ መንገድ ነው።